የኢንዱስ ሸለቆ ማኅተሞች፦ ሥራቸው የታወቀ፣ ጽሑፋቸው ያልተነበበ

ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ተራ ወረቀት መሆኑን ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ያውቃል። ነገሩ ግን የዛሬ አይደለም። ከ4,000 ዓመት በፊት በአሁኖቹ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ይኖር የነበረ ሕዝብም ዕቃውን የሚያሽገው በማኅተም ነበር። ማኅተሞቹ ከድንጋይ የተቀረጹ፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንሱ ናቸው። ከላይ አጭር ጽሑፍ፣ ከሥሩ የእንስሳ ምስል አላቸው።

እንዴት እንደተሠሩ ይታወቃል። ለምን ያገለግሉ እንደነበርም በአብዛኛው ይታወቃል። ላያቸው ላይ የተጻፈው ምን እንደሚል ግን እስካሁን ሌሎች ባለሙያዎችን አሳምኖ ያነበበ ሰው የለም። «ተፈታ! ተነበበ!» የሚል ዜና በየጊዜው የሚዞረውም ለዚህ ነው። ነገሩ ደግሞ የአርኪዮሎጂስቶች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሕንድ ፖለቲካ ውስጥ «የአገሩ ቀዳሚ ባለቤት ማነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ተሳስሯል። እስቲ በማስረጃ የሚታወቀውን ከግምቱ ለይተን እንየው።

▪️ የማኅተሞቹ ባለቤቶች

ሥልጣኔው የኢንዱስ ሸለቆ ሥልጣኔ ይባላል። መጀመሪያ በተቆፈረችው ከተማ ስም የሃራፓ ሥልጣኔ የሚሉትም አሉ። ከተሞቹ የደመቁት ከ2600 እስከ 1900 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባለው ጊዜ ነው፤ ግብፆች ትልልቆቹን ፒራሚዶች የገነቡበት ዘመን በዚሁ ውስጥ ይወድቃል። ሃራፓና ሞሄንጆ ዳሮ ዛሬ በፓኪስታን፣ ዶላቪራ፣ ራኪጋሪና ሎታል ደግሞ በሕንድ ግዛት ይገኛሉ።

በእነዚህ ከተሞች በተቃጠለ ጡብ የተሠሩ ቤቶች፣ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የውሃ ጉድጓዶችና የተሸፈኑ የፍሳሽ ቦዮች ተገኝተዋል። የሚገርመው ግን እዚህ ጋ ነው። የግብፁን ፈርዖን ዓይነት ግዙፍ የንጉሥ ሐውልት የለም። ይሄ ቤተ መንግሥት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የተለየ ሕንፃም የለም። በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈ ረጅም ታሪክ የለም። ሕዝቡ በራሱ እጅ ጽፎ ከተወልን ነገር ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት እነዚህ ማኅተሞች ናቸው። ሁሉም ሰው እነሱ ላይ የሚረባረበው ወዶ አይደለም።

▪️ እንዴት ተገኙ?

እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ እንግሊዞች ከላሆር ወደ ሙልታን የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ፣ ሃራፓ ላይ የተከመረ ጥሩ ጡብ አገኙ። ምን ዋጋ አለው፣ ጡቡ እየተነቀለ ከሐዲዱ ሥር ተደለደለ። የጥንቷ ከተማ አንድ ክፍል እንዲህ ሆኖ ጠፋ።

የቅርስ ጥናት ኃላፊ የነበረው አሌክሳንደር ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው ሪፖርት ከሃራፓ የተገኘ አንድ ማኅተም ለዓለም አሳየ። ምስሉን አይቶ «በሬው ሻኛ የለውም፣ ፊደሉም የሕንድ ፊደል አይደለም፤ ስለዚህ ከውጭ የመጣ ነው» ብሎ ደመደመ። ማኅተሙ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ነገሩ የተገለጠው ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ዳያ ራም ሳህኒ ሃራፓን መቆፈር ጀመረ። በ1922 ደግሞ ራካልዳስ ባነርጂ ሞሄንጆ ዳሮ ላይ ቁፋሮ ከፈተ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል 600 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከሁለቱም የወጡት ማኅተሞች ግን አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ያው ቅርጽ፣ ያው እንስሳ፣ ያው ፊደል። አለቃቸው ጆን ማርሻል ማኅተሞቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያይ፣ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀው አንድ ሥልጣኔ መኖሩን ተረዳ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 1924 በወጣው «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ጋዜጣ ይፋ አደረገ፤ አንባቢም ፎቶውን አይቶ የሚያውቅ ካለ እንዲረዳው ጠየቀ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። አርኪባልድ ሴይስ የተባለ የጥንታዊ ምሥራቅ ሊቅ፣ ተመሳሳይ ማኅተሞች በዛሬዋ ኢራን በሱሳ መገኘታቸውን ጻፈ። ዕድሜውን ለመገመት መንገድ የከፈተው ይሄ ደብዳቤ ነው። አንድ ጋዜጣና አንድ አስተዋይ አንባቢ የሕንድን ታሪክ በ2,000 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ገፉት ማለት ነው።

▪️ ከምንና እንዴት ይሠራሉ?

አብዛኞቹ አራት ማዕዘን ናቸው፤ ጎናቸው ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚሠሩት ስቲያታይት ከሚባል በጥፍር ሊጫር ከሚችል ለስላሳ ድንጋይ ነው። ቀራጩ ድንጋዩን በመጋዝ ይቆርጠዋል። ጀርባው ላይ እንደ ጉብታ ያለ መያዣ ይተውለትና ክር የሚገባበት ቀዳዳ ይበሳለታል። ፊቱን አለስልሶ ምስሉንና ጽሑፉን በሹል መሣሪያ ይቀርጻል፤ ያውም ሲታተም ቀና እንዲሆን ገልብጦ። በመጨረሻም ላዩን ቀብቶ እሳት ውስጥ ይከተዋል። ድንጋዩ ነጭ ሆኖ፣ ጠንክሮ ይወጣል። በጥፍር ይጫር የነበረው ድንጋይ ለዘመናት የሚቆይ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1935 እና 1936 ቻንሁ ዳሮ በተባለ ቦታ የተካሄደው ቁፋሮ የዕደ ጥበብ ሥራ ይካሄድባቸው የነበሩ ቦታዎችን አሳይቷል። ቀረጻቸው ያላለቀ ማኅተሞችም ተገኝተዋል። ስለ አሠራሩ በድፍረት መናገር የሚቻለውም እንዲህ ዓይነት ጅምር ሥራዎች ስላሉ ነው።

▪️ ላያቸው ላይ ምን አለ?

ከሌሎቹ ሁሉ በብዛት የሚታየው ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ ነው። በሞሄንጆ ዳሮ ማኅተሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ምስል አለባቸው። ሰውነቱ የበሬ ይመስላል፤ ከፊቱም ምንነቱ የሚያከራክር፣ በእግር የቆመ ዕቃ ተቀምጧል። «ቀንዱ ሁለት ነው፤ ከጎን ስለተሣለ ነው አንድ የመሰለው» የሚሉ ነበሩ። ነገር ግን ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ባለ አንድ ቀንድ ቅርጾች ስለተገኙ ይሄ ሐሳብ ብዙም አላስኬደም። ሰዎቹ በእርግጥም ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ ያስቡ ነበር ማለት ነው።

ሌሎቹ በዓይናቸው ያዩዋቸው እንስሳት ናቸው፦ ዝሆን፣ አውራሪስ፣ ታይገር፣ የውሃ ጎሽ፣ አዞ። ትልቅ ሻኛና ረጅም የአንገት ቆዳ ያለው በሬም አለ። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው የሚያውቀው ነገር ይገባል። ሻኛ ያለው ከብት መጀመሪያ የተላመደው በዚያው በኢንዱስ አካባቢ ነው። በዘር ጥናት እንደታየው፣ ቦረናን ጨምሮ ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ የምናያቸው ባለ ሻኛ ከብቶች የዘር ሐረጋቸው በከፊል ወደ ደቡብ እስያ ይመዘዛል።

ከሁሉም በላይ ዝና ያገኘው ግን በ1920ዎቹ መጨረሻ ከሞሄንጆ ዳሮ የወጣው፣ አሁን ኒው ዴልሂ ብሔራዊ ሙዚየም ያለው ማኅተም ነው። ቀንድ ያለው አክሊል የደፋ ሰው መሰል አካል እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ዙሪያውን ዝሆን፣ ታይገር፣ አውራሪስና ጎሽ ከበውታል። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1931 «ይሄ የሺቫ አምላክ የመጀመሪያ መልክ ነው» አለ። ስሙም «ፓሹፓቲ»፣ የእንስሳት ጌታ፣ ተብሎ ቀረ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ቀንዱ የጎሽ መሆኑን፣ ማኅተሙንና ስለ ሺቫ የሚናገሩትን ጽሑፎች የሚለያያቸው ዘመን እጅግ ሰፊ መሆኑን አንስተው ተቃውመዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ሐቅ ነው፤ «ሺቫ» የሚለው ስም ግን ትርጓሜ ነው። ሁለቱን አለመቀላቀል ይበጃል።

▪️ ታዲያ ለምን ያገለግሉ ነበር?

ምርጡ ማስረጃ የመጣው ከአደጋ ነው። ሎታል በምትባለው የወደብ ከተማ አንድ መጋዘን ተቃጥሎ ነበር። እሳቱ በዕቃዎቹ ላይ የነበረውን ጭቃ እንደ ሸክላ አበሰለው። በዚህ የተነሳ ከ60 በላይ የማኅተም ምልክት ያረፈባቸው የጭቃ ቁርጥራጮች ሳይፈርሱ እስከ ዘመናችን ደረሱ።

ቁርጥራጮቹ በፊታቸው የማኅተም ምልክት አለባቸው። ጀርባቸውን ስታገላብጡት ደግሞ የገመድ፣ የጨርቅና የሸምበቆ አሻራ ይታያል። ነገሩ ግልጽ ነው። ዕቃው በጨርቅ ወይም በሸምበቆ ይጠቀለላል፣ በገመድ ይታሰራል፣ ቋጠሮው ላይ እርጥብ ጭቃ ይለጠፋል፣ ጭቃው ላይ ማኅተም ይጫናል። ሲደርቅ ጭቃውን ሳይሰብር ዕቃውን መክፈት የሚችል የለም። ዛሬ ኮንቴይነር ታሽጎ ጉምሩክ እስኪደርስ እንደማይነካው ማለት ነው። አንዳንዱ ጭቃ ላይ ከአንድ በላይ ማኅተም አርፏል፤ ለአንዱ ጭነት ከአንድ በላይ ሰው ወይም ክፍል ኃላፊነት ይወስድ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

ከማኅተሙ ጋር አብሮ የሚሄደው ሚዛን ነው። በኢንዱስ ከተሞች ሁሉ ከድንጋይ የተሠሩ ኪዩብ የሚዛን ድንጋዮች ተገኝተዋል። ክብደታቸው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ ይሄዳል። በብዛት የሚገኘው ከ13 እስከ 14 ግራም ባለው መካከል ነው። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የተራራቁ ከተሞች አንድ ሚዛንና አንድ ዓይነት ማኅተም ይጠቀማሉ። ተዋውቆ የማያውቅ ገዢና ሻጭ የሚተማመነው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነበር።

▪️ ባሕር የተሻገረው ማኅተም

የኢንዱስ ማኅተሞች በዛሬዋ ኢራቅ ውስጥ ኡርን በመሳሰሉ የሜሶጶጣሚያ ከተሞችም ተገኝተዋል። የአካዱ ንጉሥ ሳርጎን ከመሉሃ፣ ከማጋንና ከዲልሙን የሚመጡ መርከቦች በከተማው ወደብ እንደሚቆሙ በጽሑፉ ይኩራራል። ዲልሙን የዛሬዋ ባህሬንና አካባቢዋ ናት። ማጋን የኦማን አካባቢ ነው። መሉሃ ደግሞ በአብዛኞቹ ባለሙያዎች ግምት የኢንዱስ ምድር ነው።

ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ሹ ኢሊሹ የሚባል ሰው ማኅተም አለ። ሥራው በላዩ ላይ ተጽፏል፤ የመሉሃ ቋንቋ አስተርጓሚ። በነገራችን ላይ በአካድኛ አስተርጓሚ «ታርጉማኑ» ይባላል፤ ከእኛው «ተርጓሚ» ጋር ዝምድና ያለው ቃል ነው። ዛሬ የጠፋብንን ቋንቋ ያኔ በደመወዝ የሚተረጉም ባለሙያ ነበረው ማለት ነው።

ከባሕረ ሰላጤው አካባቢ የተገኙ አንዳንድ ክብ ማኅተሞች ደግሞ የኢንዱስ ምልክቶች አሉባቸው፤ የምልክቶቹ ቅደም ተከተል ግን ኢንዱስ ውስጥ ከተለመደው ይለያል። ምናልባት የሌላ ቋንቋ ስም በኢንዱስ ፊደል የተጻፈባቸው ይሆናሉ። ባህሬን ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ ማናማ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ ብትሉ የዲልሙንን ክብ ማኅተሞች በዓይናችሁ ታያላችሁ።

▪️ ማንበብ ለምን ከበደ?

ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው። ከ4,000 በላይ ጽሑፍ ያለባቸው ዕቃዎች ቢገኙም፣ በአማካይ አንዱ ላይ ያለው 5 ምልክት ገደማ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የተገኘው ረጅሙ 17 ምልክት ብቻ ነው። ከዚህ ሰዋስው ማውጣት፣ አንድን ቋንቋ ከሱቅ ታፔላዎች ብቻ እንደመማር ነው።

ሁለተኛ፣ ቋንቋው አይታወቅም። የታወቀ ቋንቋ ባልታወቀ ፊደል ቢጻፍ፣ ወይም ያልታወቀ ቋንቋ በታወቀ ፊደል ቢጻፍ መያዣ ይኖራል። እዚህ ሁለቱም የሉም።

ሦስተኛ፣ ባለ ሁለት ቋንቋ ጽሑፍ አልተገኘም። አክሱም ያለውን የንጉሥ ኢዛናን ድንጋይ አስቡ። አንዱ መልእክት በግሪክ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ተጽፏል። አንዱን የሚያውቅ ሰው ሌላውን ለመፍታት መነሻ አለው። የግብፅን ሂሮግሊፍ እ.ኤ.አ. በ1822 ሻምፖሊዮን የፈታው በተመሳሳይ መንገድ በሮዜታ ድንጋይ እየታገዘ ነው። ኢንዱስ ሸለቆ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ እስካሁን አልወጣም።

እንዲህም ሆኖ የታወቁ ነገሮች አሉ። ጽሑፉ በአብዛኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። እንዴት ታወቀ? ጸሐፊው ቦታ ሲያጥረው ምልክቶቹን በግራ በኩል ያጣብቃቸዋል፤ መስመር ሲጨርስ ወረቀት እንዳለቀበት ተማሪ። የምልክቶቹ ብዛትም ተቆጥሯል፤ እንደ ቆጣሪው ቢለያይም 400 ገደማ ነው። ይሄ ቁጥር ራሱ ይናገራል። የላቲን ፊደል 26 ነው። የእኛ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ድምፅ ነው። 400 ለድምፅ ብቻ በዛ፤ እንደ ቻይና ለእያንዳንዱ ቃል ምልክት ለመስጠት ደግሞ አነሰ። ስለዚህ ብዙዎች አንዳንዱ ምልክት ቃል፣ አንዳንዱ ድምፅ የሚወክልበት ቅልቅል ሥርዓት ነው ብለው ያስባሉ።

▪️ እስካሁን የቀረቡት ሐሳቦች

የፊንላንዱ አስኮ ፓርፖላና የሕንዱ ኢራቫታም ማሃዴቫን ቋንቋው የድራቪዲያን ቤተሰብ፣ ማለትም የታሚልና የቴሉጉ ዘመድ ነው ይላሉ። ከሚያነሷቸው ማስረጃዎች አንዱ የዓሣ ምልክት ነው። በታሚል ዓሣ «ሚን» ይባላል፤ ኮከብም በተመሳሳይ ድምፅ ይጠራል። ስለዚህ ዓሣ ተሥሎ ኮከብ ሊባል ይችላል ነው ነገሩ። ዛሬም ፓኪስታን ውስጥ፣ ባሉቺስታን ላይ፣ ብራሁይ የሚባል የድራቪዲያን ቋንቋ መነገሩ ሐሳቡን ያጠናክርላቸዋል። ሌሎች ደግሞ ቋንቋው የሳንስክሪት ቀዳሚ ነው ብለው ይከራከራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ፋርመር፣ ሪቻርድ ስፕሮትና ማይክል ዊትዘል ጭራሽ ሌላ ነገር ይዘው መጡ፤ «ይሄ እኮ ቋንቋ የሚጽፍ ፊደል አይደለም። የአማልክት፣ የጎሳ ወይም የሹመት ምልክቶች ስብስብ ነው» አሉ። በ2009 ራጄሽ ራኦና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር የምልክቶቹን አቀማመጥ ለክተው፣ ቅደም ተከተሉ የቋንቋ ጽሑፍን ይመስላል ብለው መለሱ። ክርክሩ አላበቃም። ዶላቪራ በር አካባቢ የተገኘው፣ 10 ትልልቅ ምልክቶች የተደረደሩበት ሰሌዳም ለ«ፊደል ነው» ባዮቹ ተጨማሪ መከራከሪያ ሆኗል።

▪️ ጸቡ ለምን ከረረ?

ቋንቋው ድራቪዲያን ከሆነ፣ የደቡብ ሕንድ ሕዝቦች «ጥንታዊው ሥልጣኔ የእኛ አያቶች ነው» ሊሉ ነው። ሳንስክሪት ከሆነ ደግሞ የሰሜኑ የቬዳ ባህል ከውጭ ያልመጣ፣ የመጀመሪያው ባለቤት ነው ሊባል ነው። 5 ምልክት ያለው ድንጋይ ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክሟል። ላይ ደግሞ የ1947ቱ ክፍፍል አለ። ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የኢንዱስ ቅርሶችም ተከፋፈሉ፤ ከሞሄንጆ ዳሮ የወጣ የአንገት ሐብል ሳይቀር ለሁለት ተቆርጦ።

ይሄ ስሜት ምን ሊያመጣ እንደሚችል በ2000 ታይቷል። ሁለት ጸሐፊዎች ፊደሉን ፈትተነዋል ብለው መጽሐፍ አወጡ። ለማስረጃም «የፈረስ ማኅተም» አቀረቡ። ፈረስ በቬዳ መጻሕፍት ውስጥ ዋና እንስሳ ነው፤ በኢንዱስ ማኅተሞች ላይ ግን የለም። ስለዚህ አንድ ፈረስ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነበር። ዊትዘልና ፋርመር የምስሉን ምንጭ ተከታትለው አገኙት። ለካ የተሰበረ ባለ አንድ ቀንድ ማኅተም ነው፤ ፎቶው በኮምፒውተር ተስተካክሎ ፈረስ እንዲመስል ተደርጓል። ጉዳዩ በዚያው ዓመት «ፍሮንትላይን» በተባለው የሕንድ መጽሔት ላይ ይፋ ወጣ። ፈረሱ ከተጋለጠ በኋላም ምስሉ መዞሩን አላቆመም።

በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የታሚል ናዱ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር ኤም. ኬ. ስታሊን ጽሑፉን ለሚፈታ 1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚሸለም አስታወቁ። ሽልማቱ ጥናትን ያበረታታል፤ «ፈታሁት» ባዩንም ያበዛል።

▪️ «ተፈታ» የሚል ዜና ስታዩ

እነዚህን ጠይቁ፦

1️⃣ ንባቡ የሚሠራው ለስንት ማኅተም ነው? አምስት ስድስቱን መርጦ ማንበብ ለማንም አይከብድም። ንባቡ በመቶዎች በሚቆጠሩት ላይ መሞከር አለበት።

2️⃣ አንዱ ምልክት በሁሉም ቦታ አንድ ድምፅ ወይም ትርጉም አለው? እዚህ «ውሃ»፣ እዚያ «ንጉሥ»፣ ሌላ ጋ «ሂድ» ከሆነ መፍታት ሳይሆን መተርተር ነው።

3️⃣ የማኅተሙ ዋና ፎቶ የት አለ? በየትኛው ሙዚየም፣ በየትኛው ቁጥር ተመዝግቧል? የፈረሱ ጉዳይ የተጋለጠው በዚህ ጥያቄ ነው።

4️⃣ ሌሎች ባለሙያዎች በዚያው ዘዴ ሠርተው ወደዚያው ንባብ ደርሰዋል? አንድ ሰው ብቻ የሚያነበው ፊደል ገና አልተፈታም።

መፍትሔው ከኮምፒውተር ይልቅ ከአካፋ ሊመጣ ይችላል። የሞሄንጆ ዳሮ አብዛኛው ክፍል ገና አልተቆፈረም። የኢንዱስ ነጋዴዎች ከሜሶጶጣሚያ ሰዎች ጋር ለረጅም ዘመን ተገበያይተዋል፤ በመካከላቸውም አስተርጓሚ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ጽሑፎች ጎን ለጎን ያረፉበት አንድ ጭቃ ከኡር፣ ከባህሬን ወይም ከኦማን ቢወጣ የመቶ ዓመቱ ክርክር መያዣ ያገኛል። እስከዚያው የተገኘውን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሞሄንጆ ዳሮ ጡቦቿን ጨው እየበላቸው ነው፤ በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ፓኪስታንን ያጥለቀለቀው ዝናብም አንዳንድ ግድግዳዎቿን ጎድቷል። ያልተነበበ ጽሑፍ ነገ ሊነበብ ይችላል፤ የፈረሰ ከተማ ውስጥ የጠፋ ማኅተም ግን ተመልሶ አይገኝም።